ብርቱካንን ብርቱካን ያለው ማን ነው?

ሰፈራችን ካለው ጁስ ቤት ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ የቆሙት ነጭ ነጠላ የተከናነቡ እናት ናቸው፤ ከአስመራ ለጥየቃ የመጡ የጎረቤታችን እንግዳ። አስተናጋጁ ልጅ «እናቴ፣ ምን ልታዘዝ?» ሲላቸው «ኣራንሺ» አሉት። ልጁ አልገባውም። ደገሙለት። አቮካዶ አሳያቸው፣ ማንጎ አሳያቸው፣ ፓፓያ አሳያቸው። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው እጃቸውን ሰደድ አድርገው ከመደርደሪያው አንድ ብርቱካን አነሱና አፍንጫው ሥር አቀረቡለት።

«ብርቱካን ነው እንዴ! እንዲያ አይሉኝም ታዲያ?»

«እኔማ እንዲያ ነው ያልኩህ» አሉት።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። አማርኛና ትግርኛ በአንድ ፊደል የሚጻፉ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ቃል የሚጋሩ የሥጋ ዘመዶች ናቸው። ዓይንን፣ እግርንና ደምን እንዲያ ተቀራርበው እየጠሩ ብርቱካን ላይ ሲደርሱ ለምን ተለያዩ? መልሱን ለማግኘት ደቡብ ሕንድ ድረስ መሄድ፣ በፋርስና በአረብ አገር ማለፍ፣ ፖርቱጋል ደርሶ መመለስ ያስፈልጋል። መንገዱ ረዥም ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዝምድና፣ ውሰትና ግጥምጥሞሽ

በሁለት ቋንቋዎች ውስጥ አንድ ዓይነት ቃል ስናገኝ ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው። የመጀመሪያው ዝምድና ነው። በአማርኛ «ዓይን» የምንለውን ትግርኛ «ዓይኒ»፣ አረብኛ «ዓይን»፣ ዕብራይስጥም «ዓይን» ይለዋል። ማንም ከማንም አልተበደረም። ልጆች የአያታቸውን አፍንጫ እንደሚወርሱ ሁሉ እነዚህ ቋንቋዎችም ቃሉን ከአንድ ጥንታዊ ሴማዊ ምንጭ ወርሰውታል።

ሁለተኛው ውሰት ነው። አገር ውስጥ ያልነበረ ዕቃ፣ ተክል ወይም ሙያ ሲመጣ ስሙን አንጠልጥሎ ይመጣል። ተቀባዩ ቋንቋ ከሰጪው ጋር ዝምድና ባይኖረውም ግድ የለም፤ ጨው ለመበደር ጎረቤት መሆን ይበቃል። ሦስተኛው ግጥምጥሞሽ ነው። ሁለት ቃላት ምንም ሳይገናኙ በድምፅ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

የሰውነት ክፍሎች ስም፣ ቁጥሮች፣ የቤተ ዘመድ መጠሪያዎች በአብዛኛው ይወረሳሉ። ብርቱካን ግን ለእኛም፣ ለአረቦችም፣ ለአውሮፓውያንም እንግዳ ተክል ነው። ጣፋጩ ብርቱካን የመንደሪንና የፖሜሎ ድቅል ሲሆን፣ የብርቱካን ወገን ፍሬዎች የጥንት አገራቸው ከሰሜን ምሥራቅ ሕንድ እስከ ደቡብ ቻይና ያለው ምድር ነው። ስለዚህ ስሙን በየቋንቋው ስናገኝ የምንጠይቀው «የማን ዘመድ ነው?» ብለን ሳይሆን «ከማን እጅ ተቀበሉት?» ብለን ነው።

ፊተኛው ስም

ነገሩ በሁለት ስሞች የተከፈለ ታሪክ ነው። ፊተኛው ስም የተነሣው ከደቡብ ሕንድ ነው። እዚያ የሚነገሩት ታሚል፣ ማላያላምና ቴሉጉ ድራቪዲያን ከሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ ናቸው፤ ከአማርኛም ከእንግሊዝኛም ጋር ዝምድና የላቸውም። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት የቃሉን ሥር መዓዛን ከሚያመለክተው «ናሩ» ከሚለው የድራቪዲያን ቃል ጋር ያያይዙታል። ብርቱካን የላጠ ሰው ይህን ስም ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም፤ ጥፍሩ ይነግረዋል። ዛሬም በማላያላም «ናራንጋ» የሚለው ቃል ለሎሚና ለዘመዶቹ ያገለግላል።

ከደቡብ ሕንድ ቋንቋዎች ቃሉ ወደ ሳንስክሪት ገብቶ «ናራንጋ» ሆነ፤ ከዚያ ወደ ፋርስ ሲሻገር «ናራንግ»፣ ከፋርስ ወደ አረብኛ ሲገባ ደግሞ «ናራንጅ»። መጨረሻው ላይ «ግ» የነበረችው «ጅ» የሆነችው በዘፈቀደ አይደለም። የመጽሐፉ አረብኛ «ገ» የሚባል ድምፅ ስለሌለው ከፋርስ የተቀበላቸውን ብዙ ቃላት በ«ጀ» ይተካል። እንዲህ ያለውን ለውጥ እንደ ቀረጥ ማኅተም ልንቆጥረው እንችላለን። ዕቃው ላይ የታተመውን አይቶ በየትኛው ኬላ እንዳለፈ ማወቅ ይቻላል። የኋለኞቹ ቋንቋዎች «ጅ»ን ወይም የቅርብ ዘመዷን ይዘው ከተገኙ ቃሉ በአረብ ኬላ አልፏል ማለት ነው።

በእርግጥም አልፏል። አረቦች ተክሉን ወደ ሲሲሊና ወደ ስፔን ሲወስዱት ስሙም አብሮ ሄደ። ስፔኖች ዛሬ «ናራንኻ»፣ ሀንጋሪዎች «ናራንች»፣ ግሪኮች «ነራንዚ» ይላሉ። ኢጣልያኖች ግን «አራንቻ» ሲሉ የመጀመሪያዋን «ና» አስቀርተዋል። የቀረችበት መንገድ ያስቃል። በኢጣልያንኛ «አንድ» ለማለት ከስሙ በፊት «ኡና» ይባላል። «ኡና ናራንቻ» በፍጥነት ሲነገር ሁለቱ «ና»ዎች ተጣበቁ፤ ሰሚው የመጀመሪያውን ወስዶ ሁለተኛውን የሌለ አደረገው። ቃሉም «አራንቻ» ሆኖ ቀረ። ፈረንሳዮች «ኦራንዥ»፣ ከእነሱ የተቀበሉት እንግሊዞችም «ኦሬንጅ» ሲሉ ያችው «ነ» የለችም።

አሁን የአስመራዋን እናት ቃል መልሰን እንስማው፤ «ኣራንሺ»። መነሻው ላይ «ነ» የለም። ስለዚህ ከአረብኛው «ናራንጅ» በቀጥታ አልመጣም፤ «ና»ዋ ከወደቀች በኋላ ከኢጣልያን እጅ የተገኘ ነው። ኢጣልያ ኤርትራን ቅኝ ግዛቷ አድርጋ ያወጀችው በ1890 ሲሆን እስከ 1941 ቆይታለች። በእነዚያ ሃምሳ ዓመታት ወደ ትግርኛ ከገቡት ብዙ ቃላት አንዱ ይህ ነው። እንግዲህ እኚያ እናት አንድ ፍሬ ለማዘዝ አፋቸውን ሲከፍቱ የደቡብ ሕንድ መዓዛ፣ የፋርስ አንደበት፣ የአረብ ማኅተምና የኢጣልያን ጥድፊያ በአንድ ቃል ውስጥ አብረው ይወጣሉ።

ኋለኛው ስም

እስካሁን የተከተልነው ፍሬ ጣፋጩ አይደለም። አረቦች ወደ ሜዲትራኒያን ያመጡት ኮምጣጣውና መራራው ብርቱካን ነው፤ ዛሬም በስፔኗ ሴቪያ ጎዳናዎች ዳር የሚታየው፣ ማርማላታ የሚሠራበት። ጣፋጩ ዘግይቶ፣ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት ነው ወደ ሜዲትራኒያን የተስፋፋው። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 ሕንድ ከደረሰ በኋላ የፖርቱጋል መርከቦች እስከ ቻይና ጠረፍ መመላለስ ጀመሩ፤ የተሻለ ጣፋጭ ዝርያም አምጥተው አስፋፉ። ገበያው ሁለት ፍሬ ሲያይ ሁለት ስም ፈለገ። አሮጌው ስም ለመራራው ቀረ። አዲሱ ፍሬ ባመጡት ሰዎች አገር ተጠራ፤ ፖርቱጋል ተባለ።

ስሙን የተቀበሉት ቋንቋዎች ብዛትና መራራቅ ይገርማል። ቱርኮች «ፖርታካል»፣ ግሪኮች «ፖርቶካሊ»፣ ቡልጋሮች «ፖርቶካል»፣ ሮማንያውያን «ፖርቶካላ»፣ ፋርሶች «ፖርተቃል»፣ ጆርጂያውያን «ፎርቶኻሊ» ይላሉ። ቱርክኛ ከግሪክኛ ጋር፣ ጆርጂያኛ ከሁለቱም ጋር ዝምድና የለውም። ገበያ ግን ዘር አይቆጥርም። አረቦች «ቡርቱቃል» አሉ፤ ወደ እኛም «ብርቱካን» ሆኖ መጣ። አንዳንዶቹ ቋንቋዎች ሁለቱንም ስም ጎን ለጎን ይዘዋል። ፋርስ ውስጥ «ናረንጅ» መራራው፣ «ፖርተቃል» ጣፋጩ ነው። በግሪክም «ነራንዚ» እና «ፖርቶካሊ» እንዲሁ ናቸው።

ፖርቱጋል የሚለው ስም ራሱ ደግሞ ከፍሬ ጋር ግንኙነት የለውም። ዱሮ የሚባለው ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት፣ ዛሬ የፖርቶ ከተማ ባለችበት አካባቢ «ፖርቱስ ካሌ» የሚባል ቦታ ነበር። «ፖርቱስ» በላቲን ወደብ ማለት ነው። የቦታው ስም የአገር ስም ሆነ፣ የአገሩ ስም የፍሬ ስም ሆነ፣ የፍሬው ስም እኛ ዘንድ ሲደርስ የቀለም ስምም ወለደ፤ ብርቱካናማ። ብርቱካናማ ቀሚስ ለብሳ የምትሄድ የባሕር ዳር ልጅ በልብሷ ላይ አንድ የላቲን ወደብ ይዛ ትዞራለች።

ሦስት ምስክሮች

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ እጁን ያወጣል። «ፖርቱጋሎች እኮ እኛ አገር ራሳቸው መጥተው ነበር። በ1520 መልእክተኞቻቸው ወደ አፄ ልብነ ድንግል መጥተዋል። በ1541 የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቮ አራት መቶ ያህል ወታደር ይዞ ምጽዋ ወርዷል። ታዲያ ስሙን ከእነሱ በቀጥታ ብንቀበለውስ? አረቦች ምን አገባቸው?»

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱም ያለው ከቃሉ ውስጥ ነው። ሦስት ምስክሮች እንጥራ።

የመጀመሪያው ምስክር «ብ» ነው። አረብኛ «ፐ» የሚባል ድምፅ የለውም፤ ሲያጋጥመው «በ» ያደርገዋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ግብጻዊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊን እናስታውስ፤ ቡትሮስ ማለት ጴጥሮስ ነው። ጳውሎስም በአረብኛ ቡሉስ ነው። እኛ ግን ጴጥሮስና ጳውሎስ የምንል፣ የአገራችንን ስም በ«ጵ» የምንጽፍ ሰዎች ነን። ይሁን እንጂ አንድ ምስክር አይበቃም። ድሮ የገጠር ሰው ፖስታን «ቦስታ» ይል ስለነበር «ብ» ከእኛው አፍ ልትወጣም ትችላለች።

ሁለተኛው ምስክር መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» ናት። የመጽሐፉ አረብኛ «ቡርቱቃል» ብሎ በ«ል» ይጨርሳል። በግብጽና በሱዳን የዕለት ንግግር ግን ቃሉ የሚያልቀው በ«ን» ነው። ይህ የሆነበትን ምክንያት አንባቢ እዚያው ባለበት ሊሞክረው ይችላል። «ል» ይበሉና ምላስዎ የት እንዳለ ልብ ይበሉ፤ ጫፏ ከላይኛው ጥርስዎ ጀርባ ተለጥፋለች። የምላስዎን ጫፍ ከቦታዋ ሳያነሡ ትንፋሹን በአፍንጫዎ ቢያሳልፉት «ን» ይሆናል። ሁለቱ ድምፆች አንድ ቤት የሚኖሩ፣ በተለያየ በር የሚወጡ ናቸው፤ ስለዚህ በቀላሉ ይለዋወጣሉ። የእኛ ብርቱካን በ«ን» መጨረሱ ከሊቃውንት መጽሐፍ ሳይሆን ከነጋዴ አንደበት እንደተሰማ ይጠቁማል።

ሦስተኛው ምስክር ከሁሉም ይበልጣል፤ ፖርቱጋሎች ራሳቸው ናቸው። ፖርቱጋል ውስጥ ብርቱካን ፖርቱጋል አይባልም፤ «ላራንዣ» ነው የሚባለው። እነሱ የያዙት ፊተኛውን ስም ነው፤ «ናራንጅ» በአረብኛ በኩል ገብቶ የመጀመሪያዋ «ነ» ወደ «ለ» ተቀይራለች። ግብጽ ላይ «ል» «ን» ስትሆን ሊዝበን ላይ «ን» «ል» ሆነች፤ ምክንያቱም ያው አንዱ ቤት ነው። እንግዲህ የክሪስቶቮ ወታደሮች ለኢትዮጵያውያን ስሙን ቢያስተምሩ ኖሮ ዛሬ ጁስ ቤት ገብተን የምናዘው «ላራንዣ» የሚመስል ነገር በሆነ ነበር። ማንም ሰው የያዘውን ፍሬ በገዛ አገሩ ስም አይጠራም። «ፖርቱጋል» ብሎ የሚጠራው ተቀባዩ ነው።

ይህ ለብርቱካን ብቻ የሚሠራ አይደለም። ስም የሚነግረን ብዙውን ጊዜ ዕቃው የተወለደበትን አገር ሳይሆን ዕቃውን ያቀበለውን እጅ ነው። ፍሬው የእስያ ልጅ ሆኖ ሳለ ግማሹ ዓለም አውሮፓ ዳር ባለች አገር ይጠራዋል።

ሌሎቹስ ከማን ተቀበሉት?

የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ያዩት ሌላ ነገር ነው። ሆላንዶች «ሲናስአፕል»፣ ጀርመኖች «አፕፈልዚነ» ሲሉ የቻይና ፖም ማለታቸው ነው። ሩሲያኖች ከሆላንዶች ተቀብለው «አፔልሲን» አሉ፤ ከሁሉም ጋር የማይዛመደው ፊንላንድኛ «አፔልሲኒ» ይላል። ከአትላንቲክ ማዶ በፖርቶሪኮ ስፔንኛ ጣፋጩ ብርቱካን «ቺና» ነው፤ ጁስ ቤት ገብተህ አንድ ብርጭቆ ቻይና ታዛለህ። አዲሱ ዕብራይስጥ ደግሞ ከማንም አልተበደረም፤ «ታፑዋሕ ዛሃቭ»፣ ማለትም የወርቅ ፖም የሚለውን ሐረግ አሳጥሮ «ታፑዝ» አለው። እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ስም የሚሰሙት ለዚህ ነው፤ አያት ብርቱካን ሲሉ የልጅ ልጅ ታፑዝ ይላል።

አንድ ፍሬ፣ አራት ምክንያት። ሕንዶች አሸተቱት፣ ሆላንዶች የመጣበትን ጠየቁ፣ ቱርኮችና አረቦች ያመጣውን አዩ፣ ዕብራውያን ቀለሙን ተመለከቱ።

ጆሮ ሲያታልል

ሦስተኛውን ዓይነት፣ ግጥምጥሞሹን ገና አልነካነውም። የታመመ ሰው ልንጠይቅ ስንሄድ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለን መሄድ ልማዳችን ነው። አንድ ወዳጄ ሆስፒታል ተኝቶ በነበረ ጊዜ፣ ከአጠገቡ ያሉ አዛውንት አስታማሚ እየላጡ «ብርቱ ስለሚያደርግ እኮ ነው ብርቱካን የተባለ» አሉን። ለጆሮ ይጥማል። ግን ስህተት ነው። «ብርቱ» የራሳችን ቃል ነው፤ «ብርቱካን» ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ። ድምፃቸው ተገናኘ እንጂ ታሪካቸው አልተገናኘም። ጆሮ ባዕድ ቃል ሲሰማ የሚያውቀውን ፍለጋ ይገባል። ፈረንሳዮችም ያው ናቸው። ወርቅ በቋንቋቸው «ኦር» ስለሆነ የአፋቸው «ኦራንዥ» ወደዚያ ያዘነበለው የወርቁን ፍሬ አይተው ነው ይባላል።

ትልቁ ግጥምጥሞሽ ግን ቀለም ሆኖ ስታዲየም ገብቷል። በደቡብ ፈረንሳይ ኦራንዥ የምትባል ከተማ አለች። በሮማውያን ዘመን ስሟ «አራውሲዮ» ነበር፤ ከብርቱካን ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በዘመናት ውስጥ ስሟ እየተሸራረፈ ከፍሬው ስም ጋር አንድ ሆነ። በ1544 የዚያች ከተማ ልዑልነት ለዊልያም ደረሰው፤ በኋላ ሆላንዶችን በስፔን ላይ ያስነሣው እሱ ነው። ቤተሰቡ «የኦራንዥ ቤት» ተባለ፣ የቤተሰቡም ምልክት የፍሬው ቀለም ሆነ። ዛሬ የሆላንድ ብሔራዊ ቡድን ብርቱካናማ ለብሶ የሚጫወተው ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት መንገድ ላይ ስለተጋጩ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ወደፊት አንድ ቃል ሲያስገርመው ሦስት ነገር ይጠይቅ። ጎረቤቶቻችን ምን ይሉታል? ድምፁ ላይ የየትኛው ኬላ ማኅተም አለ? ሰጪው ራሱ ምን ይለዋል? ብርቱካን ላይ እንዳየነው የሦስቱ መልስ ሲስማማ ነው እርግጠኛ መሆን የሚቻለው። ቢፈልግ በቅርብ ካሉት የብርቱካን ዘመዶች ይጀምር። «ትርንጎ» ብንል ፋርሶች «ቱሩንጅ»፣ ዕብራውያን «ኤትሮግ» ከሚሉት ጋር መንገድ ይጋራል። «መንደሪን» ደግሞ መነሻው የሳንስክሪቱ «ማንትሪን» ነው፤ አማካሪ ማለት ሲሆን፣ በማላይና በፖርቱጋል አፍ አልፎ የቻይና ሹማምንት መጠሪያ ከሆነ በኋላ ፍሬ ላይ አረፈ።

ይህን ሁሉ ለጁስ ቤቱ ልጅ አንድ ቀን፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ አጫወትኩት። ብርቱካን እየጨመቀ ሰማኝ።

«ጋሼ፣ እሺ ፖርቱጋል ሄጄ ብርቱካን ስጡኝ ብልስ?»

«የአገራቸውን ስም እያጣመምክ የጠራህ ይመስላቸዋል።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ላራንዣ።»

እጁን ከመጭመቂያው አነሣና ጥቂት አሰበ። «ላራንዣ… ኣራንሺ…» አለ። ከዚያ ሳቀ። «እኚያ እናት እዚያ ቢሄዱ ከእኔ ቀድመው ይጠጡ ነበር በሉኛ!»